ዝምተኛው በሁለታችን ደም

ትኩሳት ይዞት ጤና ጣቢያ የሚሄድ የአዲስ አበባ ሰው መልሱን ሳይመረመር ያውቀዋል። ወይ ታይፎይድ ነው፣ ወይ ታይፈስ ነው፣ ካልሆነም ሁለቱም ነው። መድኃኒቱን ተቀብሎ ይሄዳል። ሲሻለው መድኃኒቱ አዳነኝ ይላል፤ ካልተሻለው ሌላ ክሊኒክ ይሄድና ያንኑ ይነገረዋል። እኔም ላብራቶሪ በሠራሁባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ይህንኑ ውጤት በየቀኑ ስሰጥ ነበር። ብዙዎቹ ሰዎች በእርግጥ በምን እንደታመሙ እንደማላውቅ ልቤ ያውቅ ነበር። የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም።

የጠየቁኝ አንዲት ዶክተር ናቸው። ውጭ አገር ብዙ ዓመት ቫይረስ ሲያጠኑ ኖረው የተመለሱ፣ ወደ ሃምሳው የተጠጉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ነበሩ። የከተማው ባቡር መገናኛ ላይ ሥራ በጀመረ ሰሞን፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ባለ ሕንፃ ውስጥ ሁለት ክፍል ተሰጣቸው። እኔን ከጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ትኩሳቱ ያልለቀቀው፣ ወባም ሆነ ግርሻ ያልተገኘበት ሰው ሲመጣ ደም እቀዳለሁ፤ ከደሙ ውስጥ የተሸሸገውን ቫይረስ ደግሞ ማሽኗ ታነባለች።

ማሽኗ ከእጅ መዳፍ ብዙም አትበልጥም ነበር። በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ትያያዛለች፤ ትንሽ ሰማያዊ መብራት አላት፤ ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል። ያስገባንላትን ሁሉ ሳትመርጥ ታነባለች። የበሽተኛውን የራሱን ዘረ መል፣ የባክቴሪያውን፣ የቫይረሱን፣ ሁሉንም በአራት ፊደል እየጻፈች ታወርደዋለች። የእኛ ሥራ ከዚያ ክምር ውስጥ የሰው የሆነውን እየጣሉ፣ የቀረው የማን እንደሆነ በዓለም ላይ ከታወቁት ጋር ማስተያየት ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ከእንጦጦ ወርዶ መስኮታችንን ይሸፍነዋል። ያኔ ከስክሪኑ ፊት ብቻዬን ተቀምጬ ፊደሎቹ ሲወርዱ ሳይ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ሰው በማላውቀው ቋንቋ ሲያወራ የምሰማ ይመስለኝ ነበር።

ማሽኗ የምታገኘው ከበሽተኛው ይሁን ከእኛ እጅ የገባ ለመለየት የጤነኛ ሰው ደምም አብሮ ይነበባል። ጤነኞቹ እኛው ነበርን። አንድ ቀን ዶክተሯ የእኔን ውጤት እያዩ ሳቅ አሉ።

«አንተ ብቻህን አይደለህም» አሉኝ።

«ምን ተገኘብኝ?»

«አትደንግጥ። የሚጎዳህ አይደለም። ስንቱ ሰው ይዞት ይዞራል መሰለህ። አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ገብቶ ሳያውቀው ይወጣል፤ አንዳንዱ ጋ ግን ዓመታት ይቀመጣል። ትኩሳት የለው፣ ሕመም የለው። ዝም ብሎ ይኖራል።»

«ከየት አገኘሁት?»

«በደም ይተላለፋል፣ አልጋ በመጋራት ይተላለፋል፣ ከእናት ወደ ልጅም ይተላለፋል። የአንተ በየት እንደገባ ማን ያውቃል?»

ስሙ ረጅም ስለነበር ከዚያ በኋላ ዝምተኛው እያልን ጠራነው። እንደማይጎዳኝ አመንኩ። ቢሆንም ያን ቀን ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ ስሄድ፣ የምተነፍሰው ለሁለት እንደሆነ ተሰማኝ። ወር ሳይሞላ ረሳሁት።

ሴትዮዋ የመጣችው ሐምሌ ውስጥ ነው። ባሏ ደግፎ አስገባት። እሱ ወሰን በሚባለው ሰፈር ካሉት ጋራዦች በአንዱ በያጅ ነው፤ እሷ እዚያው ሰፈር ባልዲና ሳፋ፣ የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት። ከደቡብ፣ ከቆላው አገር፣ በልጅነቷ ወደ አዲስ አበባ የመጣች ናት። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። የታይፎይድ መድኃኒት በተለያየ ክሊኒክ ሁለቴ ጨርሳለች፤ ትኩሳቱ ግን አልለቀቃትም። ከንፈሯ ደርቋል፤ ዓይኗን ጨፍናለች።

ጓንት አድርጌ ክንዷን በላስቲክ ሳስር ዓይኗን ገለጠች።

«በርዶሃል» አለችኝ።

«እጄ ነው? ይቅርታ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው።»

«እጅህ አይደለም። አንተ ነህ የበረደህ።»

ባሏ አፍሮ «ትቃዣለች፣ ዶክተር፤ ይቅርታ» አለኝ። ዶክተር አለመሆኔን ነገርኩትና ደሙን ቀዳሁ። እሷ ግን እስከምጨርስ ዓይኗን ከፊቴ ላይ አላነሳችም። የሚያውቀውን ሰው በሕዝብ መሃል እንደሚፈልግ ሰው ነበር የምታየኝ።

የእሷን ደም በማሽኗ ባስነበብንበት ሳምንት ኢንተርኔት ተዘጋ። በዚያን ጊዜ በየሰበቡ ይዘጋ ነበር፤ ለምን እንደተዘጋ የሚነግር የለም፣ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅም የለም። ፊደሎቹ በእጃችን ናቸው፤ የማን እንደሆኑ ግን የምናስተያይበት መንገድ የለንም። ዶክተሯ በየጠዋቱ ስልካቸውን ያዩና መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ይከቱታል። ዝናቡ አያባራም። ያንን ክምር ኮምፒውተር ውስጥ ቆልፈን ስንጠብቅ ሰነበትን። ሴትዮዋ በዚህ መሃል ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ እንደለቀቃት ባሏ ደውሎ ነገረን።

ሲከፈት ውጤቱ ወጣ። የፈራነው ሁሉ አልነበረም። የትኛውም የታወቀ የትኩሳት ቫይረስ ደሟ ውስጥ አልተገኘም። የተገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝምተኛው።

ዶክተሯ ይህንንም እንደ ልማዳቸው ከሌሎቹ ጋር አስተያዩት። ከልዩ ልዩ በሽተኞች የተገኙት ዝምተኞች እርስ በርሳቸው ያላቸውን ዝምድና የሚያሳይ ሥዕል ኮምፒውተሩ ያወጣል። ግንድና ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ይመስላል። የቅርብ ዘመዶች አንድ ቀንበጥ ላይ ይቀመጣሉ፤ የሩቆቹ ሌላ ቅርንጫፍ ላይ። ጠሩኝና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አኖሩ። ከዛፉ ጫፍ ላይ ሁለት መስመሮች ከአንዲት ትንሽ ቀንበጥ ይወጣሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ፊደል ነው።

«አንዱ የሴትዮዋ ነው» አሉኝ። «ሌላው የአንተ ነው።»

ጎንበስ ብዬ ሁለቱን መስመሮች እንደገና አየኋቸው።

«ደሟን የቀዳኸው አንተ ነህ። ምናልባት ከአንተ ናሙና ወደ እሷ ጠርሙስ ገብቶ ይሆናል። መጀመሪያ ይህንን እናጣራ።» ከዚያ በሩን ዘግተው ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አደረጉ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው፤ ካልፈለግህ አትመልስልኝ። ከዚህ በፊት ትተዋወቁ ነበር?»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ፊቴ ጋለ።

«መንገድ ላይ እንኳ አግኝቻት አላውቅም፣ ዶክተር።»

«እሺ። አምንሃለሁ። እንግዲያው ድጋሚ ደም እንቀዳለን፤ አንተ ግን አትነካውም። እኔው ራሴ እቀዳለሁ።»

ባሏ ፈቀደ፤ እሷም ፈቀደች። በነሐሴ መጀመሪያ በዶክተሯ መኪና ላምበረትን አልፈን ወሰን ሄድን። ቤታቸው ከጋራዦቹ ጀርባ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ካሉት ሰርቪስ ቤቶች መጨረሻው ነው። ባልየው ሥራ ላይ ነበር። እሷ በፎጣ ተጠቅልላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ከሳች እንጂ ደህና ሆናለች። በሩ ተከፍቶ ነበር፤ እኔ አይስ ቦክሱን ይዤ ደፉ ላይ ቆምኩ። ከጋራዡ የብየዳው ድምፅ ይሰማል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሰማል።

ዶክተሯ ክንዷን እያሰሩ ጠየቋት።

«የእኔ እህት፣ ከሰው ደም ወስደሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ። ልጄን ስወልድ። ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲል ጳጉሜ ውስጥ ነው የወለድኳት። ደሜ አልቆም አለ። ሁለት ከረጢት ነው የሰጡኝ።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ ማለቂያ ላይ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ የጓደኛዬ አባት ቀዶ ጥገና ነበረባቸውና ምትክ ደም አምጡ ተብለው እኔ ሰጠሁ። ለስላሳና ብስኩት ሰጡኝ። ደሜ ለአባትየው አልተሰጠም፤ ለእሳቸው የሌላ ሰው ተሰጣቸው፣ የእኔ ወደ ባንኩ ገባ። የት እንደሄደ ጠይቄ አላውቅም። ያኔ የሚመረመሩት የታወቁት በሽታዎች ናቸው፤ ዝምተኛውን የሚፈልግ አልነበረም።

ዶክተሯ ቀና ብለው አዩኝ። ደም ስለ መስጠቴ ከዚያ በፊት ነግሬያቸው አላውቅም፤ ግን ከፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ።

ሴትዮዋ ቀጠለች። «ከዚያ ጀምሮ ሰው አለብኝ።»

«ሰው ማለት?»

«ደሙን የሰጡኝ። አንድ ይሁኑ ሁለት አላውቅም። ሱቄን ስከፍት አጠገቤ የቆመ ሰው ያለ ይመስለኛል። አያስፈራኝም። ፓስተራችን መንፈስ ነው ብለው ጸለዩልኝ፤ አልሄደም። ክፉ ስላልሆነ ነው የማይሄደው አልኳቸው። ተቆጡኝ።» ትንሽ ፈገግ አለች። ወዲያው ፈገግታዋ ጠፋ። «አሁን ግን አርፏል።»

«ማን ነው ያረፈው?»

«ሰውየው። ትኩሳቱ በጠናብኝ ሳምንት ነው የሞተው።»

ዶክተሯ መርፌውን ይዘው ቆሙ። «እንዴት አወቅሽ?»

«እዚሁ አልጋ ላይ ነበርኩ። ቀን ነው፤ ባለቤቴ እንኳ ምሳ እየበላ ነበር። ብርድ መጣብኝ። የእኔ ብርድ አልነበረም። እኔ እየነደድኩ ነው፤ ብርዱ ከሌላ ቦታ ነው የመጣው። ከዚያ ባሕር ዛፍ ሸተተኝ። በደረቴ ተኝቻለሁ፤ ፊቴ እርጥብ ቅጠል ላይ ነው፣ አፌ ውስጥ አፈር አለ። ዝናብ ጀርባዬን ይመታኛል። እነሣለሁ ብዬ እጆቼን አየኋቸው። የእኔ አልነበሩም። የወንድ እጆች ናቸው። የእኔን ባል እጅ አታውቁትም፤ እሳት የበላው እጅ ነው። ያየሁት ግን እንዲያ አይደለም። ጣቱ ቀጭን፣ ጥፍሩ ንጹሕ፣ የጉልበት ሥራ የማያውቅ እጅ ነው። አፈሩን ጨበጠና ተወው። ከዚያ በኋላ ብርዱ ቆመ። አጠገቤም የሚቆም ሰው የለም።»

አይስ ቦክሱን መሬት አስቀምጬ ሁለት እጄን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። ማንም እጅህን አሳየኝ አላለኝም።

«አለቀስኩለት» አለች። «ባለቤቴ ለማታውቂው ሰው ታለቅሻለሽ ወይ አለኝ። የማላውቀው ከሆነ ማን ያውቀዋል?»

ዶክተሯ ደሙን ቀዱ። ጥጡን ተጭነው ያዙላት፣ አመሰገኗት፣ ወጣን። ደጅ ስንደርስ ከኋላዬ «አንተ ወንድሜ» ብላ ጠራችኝ። ዞርኩ።

«ስትቀዳኝ ክፉ ነገር ተናገርኩህ ወይ? ባለቤቴ ቃዥተሻል ብሎኛል።»

«ምንም አላልሽኝም» አልኳት።

በመጣንበት መንገድ ተመልሰን ላምበረት ደረስን። ሚኒባስ መንገዱን ዘግቶ ሰው ሲያራግፍ፣ ዶክተሯ መሪውን እንደያዙ «ትኩሳት ነው» አሉ። «ኃይለኛ ትኩሳት እንዲህ ያለ ነገር ያሳያል። መጽሐፍም ላይ አለ።»

«አውቃለሁ።»

«ደም ሰጥተህ ነበር አይደል?»

«አዎ። በዚያው ክረምት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መኪናው ተንቀሳቀሰ። ወደ መገናኛ ስንጠጋ እንደ ዋዛ ጠየቁኝ።

«እሁድ እሁድ የምትሮጠው የት ነው ያልከኝ?»

«እንጦጦ።»

«ጫካው ውስጥ?»

«አዎ።»

«ለጊዜው ተወው እስቲ» አሉኝ፤ ወዲያው ደግሞ በራሳቸው የተናደዱ ይመስል ሬዲዮኑን ከፈቱ።

አዲሱ ደም የሰጠው መልስ የፊተኛውን ነው። የተቀላቀለ ነገር አልነበረም። ዝምተኛው በእርግጥ እሷ ውስጥ ይኖራል፤ ያለጥርጥርም የእኔ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ያህል ተለያይተን ጥቂት ፊደል ብቻ ነው የተለወጠው። ትኩሳቱን ያመጣው ግን እሱ አይደለም አሉ ዶክተሯ፤ ምን እንዳመጣው እስከ መጨረሻው አልታወቀም። ጉዳዩን የጥናቱን ሥነ ምግባር ለሚቆጣጠሩ ሰዎች አቀረቡት። መልሱ አጭር ነበር። የማይጎዳ ቫይረስ ነው፤ ደም የሰጠና የወሰደ ሰው አይተዋወቁም፤ አይነገራት። ትክክል ነው። እኔም ብሆን እንደዚያ ነበር የምወስነው።

ግን ሰው ሞትህን ከነገረህ በኋላ እንደ ድሮው መኖር ይከብዳል። ዝናብ ጀርባዬን ሲመታኝ መንገድ መሃል እቆማለሁ። ሥራ ላይ ጓንት ሳወልቅ ጣቶቼን አያለሁ። ባሕር ዛፍ የሚሸት መንገድ ጠላሁ፤ እኔ ባደግሁበት ሰፈር ደግሞ የማይሸት መንገድ የለም። እናቴ ሩጫውን ለምን እንደተውኩ ስትጠይቀኝ ጉልበቴን አመመኝ አልኳት። ሌሊት አልቃዠሁም፤ ፍርሃቱ የቀን ነበር። ቀትር ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ድንገት አፌ ውስጥ አፈር አፈር ይለኛል።

መስከረም አጋማሽ ላይ ሰለቸኝ። አንድ እሁድ ጠዋት ተነሥቼ ጫማዬን አሠርኩና ወጣሁ። ሰማዩ ጠርቷል፤ አደይ አበባው መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞታል። ሽቅብ ስወጣ ሯጮች በአጠገቤ ያልፋሉ፣ ሰላም ይሉኛል። ጫካው ውስጥ ስገባ ግን ጉሙ ከላይ ወረደ፤ የሯጮቹ ድምፅ ቀረ፤ የቅጠሉ ሽታ ደረቴን ሞላው። መሮጥ አቃተኝ። እየተራመድኩ ወደፊት ሄድኩ። ከዛፎቹ መሃል ጋቢ የለበሱ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ብቅ አሉ። የደን ጠባቂ ናቸው።

«ደህና አደርህ ልጄ። ብቻህን ነህ?»

«ደህና አደሩ አባባ። ብቻዬን ነኝ።»

«በጉም ብቻህን ባትሄድ ይሻላል። ሐምሌ ላይ አንድ ሰው እዚህ ጉድ ሆኖብን ነበር።»

እግሬ ተተከለ። «ምን ሆኖ?»

በዱላቸው ወደ ቁልቁለቱ አመለከቱኝ። «ያ ዝናብ ሳያባራ የሰነበተበት ሳምንት ነው። እዚያ ታች፣ ከዛፉ ሥር በደረቱ ተደፍቶ አገኘሁት። ደህና ለባሽ ሰው ነው። ለምን እንደመጣ እንጃ። ፖሊስ መጥቶ አነሣው። የመታው ሰው የለም፤ ልቡ ነው አሉ።»

«እጁ...» አልኩና ቆምኩ።

«እጁ ምን?»

«እጁ ምን ይመስል ነበር?»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ። «እጁማ የሰው እጅ ነው። ምን ሊመስል ኖሯል? አፈር ጨብጦ ነበር። ታውቀዋለህ እንዴ? ዘመድህ ነው?»

«አይደለም» አልኳቸው። ከዚያ ግን የዋሸሁ መሰለኝና «እንጃ» አልኩ።

ሁለት ከረጢት ነበር የተሰጣት። ይህንን ከእሷ አፍ ሰምቼ፣ ያን ሁሉ ሳምንት ስለ ራሴ ሞት ሳስብ፣ ሁለተኛው ከረጢት የማን እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁም። ሽማግሌው ባመለከቱኝ ዛፍ ሥር ሄጄ ቆምኩ። ምንም የለም፤ ቅጠልና ሣር ነው። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሰው በሞተበት ቦታ ቆሜ፣ እኔ አይደለሁም እያልኩ፣ እንባዬ እስኪመጣ ደስ አለኝ። ከዚያ ቁልቁል ሮጥኩ።

ሰኞ ለዶክተሯ ነገርኳቸው። ጨርሼ እስክናገር ጠበቁኝና መነጽራቸውን አወለቁ።

«የዚያን ሰው ደም አሁን ከየት እናመጣለን?» አሉ። «ደም ሰጥቶ ያውቅ እንደሆነም አናውቅም። ቢሰጥም ለእሷ ደርሶ እንደሆነ አናውቅም። ስንት ሰው ነው በዚህ ከተማ ክረምት ላይ የሚሞተው?»

«እሱስ ልክ ነው።»

«ደሟን ሁለት ጊዜ አንብበነዋል። የአንተ አለ። ከሌላው ከረጢት የቀረ አንድ ነገር የለም፤ ምንም።» መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። ከዚያ በቀስታ «ሲሞት የተሰማት ግን ያኛው ነው» አሉ። ይህንን ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንደተናገሩት አላውቅም። ከዚያ በኋላ ይህንን ነገር አንሥተንም አናውቅ።

ሴትዮዋን ያየኋት ከገና በፊት ነው፣ መገናኛ፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማለች፤ በገመድ የታሠሩ ባልዲዎች እግሯ ሥር አሉ። ወፍራለች፤ ፊቷ በርቷል። እኔ ልለፋት ነበር፤ እሷ ግን ጠራችኝ።

«ወንድሜ! ደም የቀዳኸኝ አይደለህም?»

«ነኝ። እንዴት ነሽ? ተሻለሽ?»

«ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ውጤቴ ምን ሆነ? ዶክተሯ በስልክ ምንም የለብሽም ብለውኛል።»

«የሚያሰጋ ምንም አልተገኘም» አልኳት። ውሸት አይደለም።

ሰልፉ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ባልዲዎቹን አነሣሁላት። መሄድ ነበረብኝ፤ ግን ከአፌ ወጣ።

«ያ የነገርሽን ሰውዬ... ሁለት ከረጢት ነበር ያልሽው። የአንዱ ባለቤት ቢያርፍ እንኳ ሌላው ይኖር ይሆናል።»

ቀና ብላ አየችኝ። የዚያን ቀን ክንዷን ሳስር እንዳየችኝ ዓይነት አተያይ ነው፤ አሁን ግን ትኩሳት የለባትም። ረዳቱ «ወሰን! ወሰን! የሞላ!» ይላል። ሰዉ ይጋፋል። እሷ ዓይኗን ከፊቴ ወደ እጆቼ አወረደች። የባልዲዎቹን ገመድ ይዣለሁ፤ መደበቂያ የለኝም።

«አለ» አለች። «ጸጥ ያለ ስለሆነ ነው ያላወቅሁት። አንደኛው ሲሄድ ነው እሱ መኖሩ የተሰማኝ።»

ገመዱን ከእጄ ተቀበለችኝ። ጣቶቿ ሞቃት ነበሩ።

«አፈር እንዳይነካው እጸልይለታለሁ» አለችኝና ታክሲው ውስጥ ገባች። በመስኮት አልዞረችም። ሚኒባሱ ወደ ላምበረት ሲታጠፍ እያየሁ ቆምኩ፤ ከኋላዬ ያለው ሰልፈኛ ትሄዳለህ ወይ ብሎ እስኪገፋኝ ድረስ።

ጥናቱ በሁለተኛው ዓመት አለቀ። ከብዙዎቹ በሽተኞች የትኩሳቱ ምክንያት ተገኘ፣ ከአንዳንዶቹ አልተገኘም። ማሽኗን ያዋሱን ሰዎች ወሰዷት፤ ዶክተሯ ሌላ መሥሪያ ቤት ገቡ። እኔም መሪ በሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ከእንጦጦ ሥር ወጣሁ። አሁን የምሮጠው በአስፋልት ዳር ነው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ፣ መገናኛ አደባባይ አጠገብ ደም የሚቀበሉበት ድንኳን ተተክሎ ሳልፍ እግሬ ወደ ውስጥ መራኝ። ዝምተኛው ደም ከመስጠት የማይከለክል መሆኑን ዶክተሯን ቀደም ብዬ ጠይቄ ነበር። አልጋው ላይ ተጋደምኩ። ነርሷ ወጣት ናት፤ ክንዴን እያሠረች የምትጠይቀውን ትጠይቀኛለች።

«ከዚህ በፊት ደም ሰጥተው ያውቃሉ?»

«አንድ ጊዜ። ተማሪ ሳለሁ።»

«ከሰጡ በኋላ የተለየ ነገር ተሰምቶዎት ያውቃል?»

መርፌው ገባ። ቱቦው ቀይ ሆነ፤ ከረጢቱ ከአልጋው ሥር ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ። የማን ደም ሥር ውስጥ እንደሚገባ፣ ያ ሰው በየትኛው ሰፈር እንደሚተኛ፣ ማን አጠገቡ እንደሚቆም አሰብኩ።

«የለም» አልኳት። «ምንም።»